ባህልም እንደ ሸማ ጥለት አለው

ሸማ ሲሠራ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል። ድሩ ከፊቱ ተወጥሯል። መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። ማጉ በድሩ መካከል ያልፋል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ባለ ቀለም ክር ያስገባል። ያን ጊዜ ጥለቱ ይወጣል።

አሁን ከዚያ ጥለት አንዲት ቀይ ክር መዝዘን እናውጣ። በእጃችን ይዘን እንያት። ምን ትነግረናለች? ቀይ ክር መሆኗን ብቻ ነው። የዶርዜ ትሁን የጎንደር አይታወቅም። ከነጠላ ትውጣ ከቀሚስ አይታወቅም። ክሯ የምትናገረው ከሌሎቹ ክሮች ጋር በቦታዋ ስትሆን ነው።

የሰው ልማድም እንዲሁ ነው እንላለን። ይህን ለማስረዳት ምሳሌያችንን ከጋሞ አገር እንወስዳለን። የጋሞ ሰው በሸማ ሥራው የታወቀ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር አንድ ጊዜ ጭብጥ ሣር ለበቀል የወጣ ሰው ስላቆመ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሞ ዞን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ይገኛል። የዞኑ ከተማ አርባ ምንጭ ናት። ከተማዋ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ናት፤ አየሩም ሞቃት ነው። ከዚያ ሽቅብ ሲወጡ ደጋው ይመጣል። ጨንቻ፣ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ዲታ፣ ቦንኬ የደጋ አገሮች ናቸው። በደጋው ሰው ብዙ ነው፤ መሬቱ ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ ብዙ ወንዶች ሸማ ሊሠሩ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው እነርሱን ያውቃል። ለመስቀል ግን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በጋሞ ከመስቀል የሚበልጥ በዓል የለም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ በቡራዩ ጥቃት ተነሣ። ሰዎች ተገደሉ። ንብረት ተዘረፈ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ሸማኔዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ደረሰ። ወጣቱ በቁጣ አደባባይ ወጣ። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ የሞተው ወንድሙ ነው። ከተቆጡት መካከል ግን በከተማዋ በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆች ንብረት ላይ ቁጣቸውን ሊወጡ የተነሡ ነበሩ። እነዚያ ጎረቤቶች በቡራዩ በተደረገው ነገር እጃቸው የለበትም።

ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች መጡ። ጠመንጃ አልያዙም። የያዙት እርጥብ ሣር ነበር። በወጣቶቹ ፊት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ሣሩን ይዘው ለመኑ። ወጣቶቹም ቆሙ። ከዚያም ተመለሱ።

ይህን ከሩቅ የሰማ ሰው ይገረማል። እንዲያው ሣር ምንድን ነው? ከብት የሚበላው ነገር ነው። አንድ እንግዳ ሰው ያንኑ ሣር ይዞ፣ በዚያው መንገድ ላይ ቢንበረከክ ወጣቶቹ ይቆሙለት ነበርን? አይመስለንም። እንግዲህ ኃይሉ ሣሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። ታዲያ የት ነው ያለው?

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ የትምህርት ዓይነት አለ። አንትሮፖሎጂ ይባላል። የሰውን ልጅ አኗኗርና ባህል ያጠናል። አጥኚው ቢሮ ተቀምጦ አይጽፍም። ወደ ሕዝቡ ይሄዳል፤ ከሕዝቡ ጋር አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። ቋንቋውን ይማራል። ለቅሶ ይደርሳል፤ ሠርግ ይጠራል፤ ገበያ ይወጣል። ያየውንና የሰማውን ማታ ማታ ይጽፋል።

ከእነዚህ ምሁራን አንዷ ሩት ቤኔዲክት የምትባል አሜሪካዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1934 አንድ መጽሐፍ አወጣች። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የባህል ጥለቶች» እንደ ማለት ነው። የመጽሐፉ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። የአንድ ሕዝብ ልማዶች ሜዳ ላይ እንደ ተቆለለ እንጨት ዝም ብለው የተከማቹ አይደሉም። አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዟል። ተያይዘውም ለሕዝቡ አንድ መልክ ይሰጡታል። ስለዚህ አንዱን ልማድ ለብቻው ነጥሎ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ክሯን ከጥለቱ መዝዞ እንደ መጠየቅ ነው።

እኛም ሣሩን ብቻ ይዘን አንቁም። ከሣሩ ጋር የተያያዙትን ክሮች እንከተል።

አንደኛው ክር ከከብቱ ይጀምራል። በጋሞ ደጋ ዋናው ተክል እንሰት ነው። ገብስም ይዘራል። እንሰት ፍግ ይወዳል። ፍግ የሌለው ሰው እንሰቱ ይከሳል። ፍጉ ከላም ይገኛል፤ ላሟ ደግሞ በሣር ትኖራለች። ከብቱ ሌሊት ሰው ካለበት ቤት ያድራል። ጠዋት ፍጉ ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ጓሮ ይሄዳል። እንግዲህ ሣር ሲጠፋ ላም ትከሳለች፤ ላም ስትከሳ እንሰቱ ይከሳል፤ እንሰቱ ሲከሳ ልጅ ይራባል። በዚያ አገር እርጥብ ሣር «ልምላሜ» ወይም «ሰላም» ይባላል ቢሉ የቃል ጌጥ አይደለም። ገበሬ የሆነ ሰው ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ክር ዱቡሻ ነው። ዱቡሻ ማለት ሕዝብ ለጉዳዩ የሚሰበሰብበት የተከበረ ሜዳ ነው። ስብሰባው በሽማግሌ ምርቃት ይከፈታል። «አገር ሰላም ይሁን፤ ከብቱ ይርባ፤ እህሉ ይብዛ» እንደ ማለት ያለ ምርቃት ነው። ሰው በተራው ይናገራል። የአንዱን ንግግር ሌላው አያቋርጥም። ነገሩ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ ይወራል፤ ዛሬ ካላለቀ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። በዱቡሻ ላይ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። ማርክ አቤሌስ የሚባል የፈረንሳይ አገር ምሁር ኦቾሎ በምትባል የጋሞ አገር ተቀምጦ ይህን ስብሰባ አጥንቷል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1983 ወጥቷል። በሩቅ አገር ያሉ ተማሪዎች ሕዝብ ተሰብስቦ እንዴት ራሱን እንደሚያስተዳድር ከኦቾሎ ገበሬዎች ይማራሉ ማለት ነው።

ሦስተኛው ክር ዎጋና ጎሜ ናቸው። ዎጋ የአገሩ ሥርዓት ነው። ልማድም ነው፤ ሕግም ነው፤ ትክክለኛው መንገድም ነው። ጎሜ ደግሞ ይህን ሥርዓት መጣስና ከመጣሱ የሚመጣው መዘዝ ነው። አንድ ሰው የወንድሙን ድንበር ገፋ እንበል። ወይም ለታላቁ የሚገባውን ክብር ነፈገ። ሰው አላየውም፤ ዳኛም አልፈረደበትም። ከጊዜ በኋላ ላሙ ትሞታለች፤ ወይም ልጁ ይታመማል። ያን ጊዜ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። «ምን አጥፍተህ ይሆን? አባትህስ ምን አጥፍቶ ይሆን?» እያሉ ይመረምራሉ። የተደበቀው ነገር ይወጣል። ያጠፋው ሰው ይናገራል፤ ይታረቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጎሜ የሚያገኘው አጥፊውን ብቻ አይደለም። ልጁን ያገኛል፤ ቤቱን ያገኛል፤ ጥፋቱ ከበረታ ዝናብ ይቀራል ተብሎ ለአገሩ ሁሉ ይፈራል። ስለዚህ የአንድ ሰው ጥፋት የሁሉም ጉዳይ ነው። በበኩላችን ልጅ ሲታመም መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ እንላለን። ብዙ በሽታን የሚያመጣው ተውሳክ መሆኑን በጤና ትምህርት ተምረናል። ነገር ግን ጎሜን «ባዶ እምነት» ብለን በአንድ ቃል ብንጥለው አንድ ትልቅ ነገር ያመልጠናል። ጎሜ ፖሊስ በሌለበት መንደር የድንበር ጠብ እንዲታረቅ፣ ቂም ሳይሸፈን እንዲወጣ ያደርግ ነበር። የሚሠራው ሥራ ነበረው።

ሣሩ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ «ተው፣ ታረቁ» ካለ በኋላ ሣሩን ረግጦ ማለፍ ጎሜ ነው። ወጣቱ በዚያ ቀን ያየው የከብት መኖ አይደለም። የእናቱን ጓሮ፣ የአባቱን ዱቡሻ፣ ሊወለዱ ያሉ ልጆቹን ጭምር ነው ያየው።

አራተኛው ክር ታላቅነት ነው። ለእኛ ከሁሉ የሚደንቀን ይህኛው ነው። በጋሞ ሥርዓት ታላቅ ይቀድማል። ታላቁ ባይራ ይባላል፤ በኩር እንደ ማለት ነው። በድሮው ሥርዓት ሳይዘራ ታናሹ አይዘራም። ሳያገባ ታናሹ አያገባም። በምርቃትም በአቀማመጥም ቅደም ተከተል አለ። ዝቅ ብሎ የሚለምን ታናሽ ነው። እንግዲህ በዚያ ቀን በአርባ ምንጭ የሆነውን እንደገና እንየው። የተንበረከኩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የቆሙት ልጆቹ ናቸው። ጥለቱ ተገለበጠ። አባት በልጁ ፊት ሲንበረከክ ልጁ መሬት ብትከፈት ይመርጣል። ሽማግሌ ዘወትር ቢንበረከክ ኖሮ ይህ ኃይል አይኖረውም ነበር። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው፣ ሥርዓቱ ሲገለበጥ ነው የሚደነግጠው። ስለዚህ ነው አንድ እንግዳ ሰው ያንኑ ቢያደርግ አይሆንለትም ያልነው።

ሣር በሌላውም አገር አለ። ቡና ሲፈላ ሣር ይጎዘጎዛል። በጎጃም ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ እንግጫ ይነቅላሉ። የኦሮሞ ሕዝብ በኢሬቻ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ይወርዳል፤ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ሣሩ አንድ ነው፤ የገባበት ጥለት ግን ይለያያል። አንዱ ለእንግዳ ክብር ነው፣ አንዱ ለአዲስ ዓመት ደስታ፣ አንዱ ለምስጋና፣ አንዱ ለምልጃ። ቢሆንም በሁሉም ዘንድ ሣር የጠብ ምልክት ሆኖ አናገኘውም። በዚያ ቀን ሽማግሌዎቹ ያተረፏቸው ጎረቤቶችም በበዓላቸው ሣር የሚይዙ ሰዎች መሆናቸውን ስናስብ ዝም እንላለን።

እስካሁን ያልነው ቀላል ይመስላል። ክሩን ተከተል፣ ትርጉሙን ታገኛለህ። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። አንዳንድ ልማድ ትርጉሙን ስትጠይቁት ይሸሻል።

ዳን ስፐርበር የሚባል የፈረንሳይ አገር ምሁር በዶርዜ ተቀምጦ አጥንቷል። መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በዶርዜ በአንዳንድ ሥነ ሥርዓት ሰው በራሱ ላይ ብዙ ቅቤ ያደርጋል። ምሁሩ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰዎቹ «ልማዳችን ነው» አሉት። ሌላም ቢጠይቅ «ልማዳችን ነው» አሉት። ደብቀውት አይደለም። እናንተንስ «እንግዳ ሲመጣ ለምን ከመቀመጫችሁ ትነሣላችሁ?» ብንላችሁ ምን ትሉናላችሁ? «ነውር ነዋ!» ከማለት ሌላ ምን መልስ አለ?

ምሁሩ ከዚህ የተረዳው፣ ልማድ እንደ መዝገበ ቃላት እንዳልሆነ ነው። በመዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ቃል ፍቺ ይጻፍለታል። ቅቤን ግን «ቅቤ ማለት ይህ ነው» ብሎ የሚፈታው የለም። ሰው የሚረዳው ከሌላው ጋር በማስተያየት ነው። ቅቤ ውድ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ጥቂቱ ነው በምግብ ላይ የሚፈሰው። እዚህ ግን ብዙው ራስ ላይ ሆኖ ይቀልጣል። ታዲያ ይህን ያየ ሰው «ይህ ሰው ዛሬ እንደ ትናንቱ አይደለም» ብሎ ያስባል። ማንም ቃል አልተናገረም፤ ነገሩ ግን ተነግሯል።

ይኸው ሰው ስለ ነብር የጻፈው ደግሞ ያስቃል። ዶርዜዎች «ነብር ክርስቲያን ነው፤ ጾም ያከብራል» ይላሉ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይበላም ማለት ነው። ታዲያ የዶርዜ ገበሬ ረቡዕና ዓርብ ፍየሎቹን ሳይጠብቅ ይተኛል? ኧረ የለም! እንደ ማክሰኞና ሐሙስ ሁሉ ይጠብቃል። ነብሩ ጾመኛ ነው፤ ፍየሉም ይጠበቃል። የውጭ አገር ሰው ይህን ሰምቶ «እነዚህ ሰዎች የሚናገሩትን አያውቁም» ቢል ይሳሳታል። ገበሬው ጠንቅቆ ያውቃል። ስለ ጾም ያለው ንግግር ሌላ ቦታ አለው፤ ስለ ፍየል ያለው ጥንቃቄ ሌላ ቦታ አለው። ሁለቱ ክሮች በአንድ ሸማ ውስጥ ናቸው፤ ግን አንዱ ድር፣ አንዱ ማግ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ስሕተት የሌላውን ሰው ልማድ በራስ ጥለት መለካት ነው። ይህን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ወደ ሸማ ሥራ እንመለስ።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሸማኔ፣ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ይናቁ ነበር። «ቡዳ ነው» ይባሉ ነበር። የገበሬ ልጅ ከሸማኔ ልጅ ጋር መጋባት ነውር ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን አልቀረም። በጋሞ ደጋ ደግሞ ሌላ ነው። ሸማኔው ራሱ ገበሬ ነው። እንሰት አለው፣ ከብት አለው፣ በዱቡሻ ይናገራል። ሴቶች ጥጥ ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ዱንጉዛ የሚባለው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው ልብስ የአገሩ መታወቂያና ክብር ነው። ሥራው አንድ ነው፤ ጉድጓዱ ያው ነው፣ መወርወሪያው ያው ነው። በአንዱ አገር የተናቀ፣ በሌላው አገር የተከበረ ሆነ። እንግዲህ ንቀቱ ከሥራው አልመጣም። ሥራው ንቀት አያመጣም። የመጣው ከጥለቱ ነው።

የጋሞ ሰው ይህን ሰምቶ ደስ ይለው ይሆናል። እኛ ግን ነገሩን እዚህ ላይ ብንቆርጠው እውነቱን ግማሹን ብቻ ተናገርን ማለት ነው። በጋሞም የተናቀ ሰው ነበር። ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ከሌላው ጋር አይጋቡም ነበር። በዱቡሻ እንደ ሌላው ሰው ተቀምጠው አይናገሩም ነበር። መሬታቸውም ትንሽ ነበር፤ ወይም አልነበራቸውም። ውሃ የሚቀዳው እነርሱ በሠሩት እንስራ ነው። እነርሱ ግን ወደ ሌላው ሰው ቤት እንደ ልባቸው አይገቡም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ወጣ። አዋጁ መሬት ለሚያርስ ሲሰጥ ዘር አልመረጠም። ከሸክላ ሠሪዎቹም መሬት ያገኙ አሉ። ልብ ግን እንደ አዋጅ በአንድ ቀን አይለወጥም። ዛሬም ቢሆን ለጋብቻ ሲጠየቅ «የማን ዘር ነው?» የሚል አለ።

ስለዚህ የባህልን ጥለት መረዳት ማለት ሁሉንም ማመስገን ማለት አይደለም። ያው ዱቡሻ ለአንዱ የነፃነት ቦታ ነው፤ ሸክላ ሠሪውን ግን ከዳር ያቆመዋል። ጥለቱን ያላየ ሰው ሁለቱንም አያይም። «ሁሉም ኋላ ቀር ነው» ይላል፤ አለዚያም «ሁሉም ቅዱስ ነው» ይላል። ቀደም ባሉት ዓመታት የመጀመሪያውን የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ዛሬ ሁለተኛውን የሚሉ በዝተዋል። ሁለቱም ጥናት ሳያደርጉ መናገር ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ጥለቱ ሁሌም አንድ ነው ወይስ ይለወጣል?

ዴና ፍሪማን የምትባል እንግሊዛዊት ምሁር በጋሞ ደጋ፣ በዶኮ ማሾ ኖራ ይህንኑ አጥንታለች። መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። ያገኘችው ነገር ትኩረት የሚስብ ነው። በዶኮ ሁለት ትላልቅ ነገሮች ነበሩ። አንዱ ታላላቆች የሚያቀርቡት መሥዋዕት ነው። ሌላው የሀላቃ ሹመት ነው። ሀላቃ የሚሆን ሰው ትልቅ ድግስ ይደግሳል፤ ሕዝቡን ያበላል፤ ያገለግላል። (ሹመቱ ኪስ የሚያራግፍ እንጂ ኪስ የሚሞላ አይደለም። ከዛሬው ሹመት ጋር አስተያዩት።) ታዲያ በረጅም ጊዜ ውስጥ የመሥዋዕቱ ሥርዓት እምብዛም ሳይለወጥ ቆየ፤ የሀላቃው ሥርዓት ግን ብዙ ተለወጠ። ለምን? መሥዋዕቱን እያንዳንዱ ታላቅ ለወገኑ ያደርጋል። አንዱ ቢለውጠው ጎሜ ይሆንበታል፤ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የሀላቃ ነገር ግን በዱቡሻ ይወራል። «ዘንድሮ ድግሱ ከበደን፤ እንዲህ ብናደርገውስ?» ይባላል። ሕዝቡ ይስማማል። ለውጡ ትንሽ ነው። በሌላ ዓመት ሌላ ትንሽ ለውጥ ይጨመራል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሥርዓቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ለውጡን ያመጣው አንድ ጀግና አይደለም። ሰዎች ተቀምጠው መነጋገራቸው ነው።

ይህን ስናነብ ትዝ ያለን የዶርዜ ቤት ነው። ቤቱ ከቀርከሃ ይፈተላል ብንል ይቀለናል፤ እንደ ትልቅ ቅርጫት ነውና። ሲሠራ ቁመቱ ረጅም ነው። ከታች ምስጥ ይበላዋል። የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፤ ቤቱ ትንሽ ያጥራል። ከዓመታት በኋላ እንደገና ይበላል፤ እንደገና ያጥራል። ቦታውን መለወጥ ካስፈለገ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል። በዚህ ዓይነት ለብዙ አሥርተ ዓመታት ይኖራል። ቤቱ ያው ነው፤ ትናንት ግን እንደ ዛሬው አልነበረም።

ዛሬም በጋሞ ብዙ ነገር እየተለወጠ ነው። በብዙ መንደር የወንጌል አማኞች በርክተዋል፤ መሥዋዕቱንም የተዉ ብዙ ናቸው። የፋብሪካ ልብስ ከሸማው ጋር ገበያ ይሻማል። ልጆች በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ። በ2011 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ከቆሙት ወጣቶች ብዙዎቹ ሽማግሌ ሲመርቅ ከሚሰሙት ይልቅ ወሬ በስልክ የሚሰሙ ነበሩ ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። ሆኖም ሣሩን አወቁት። ልጆቻቸውስ ያውቁት ይሆን? ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹም የሚጠይቁት ነው።

ለውይይት፦ ይህን ትምህርት በቡድን ሆናችሁ አንብቡና ከየመንደራችሁ አንድ ልማድ ምረጡ። የለቅሶ፣ የሠርግ፣ የደቦ ወይም የእርቅ ልማድ ሊሆን ይችላል። ከአካባቢያችሁ አንድ አዛውንት ወይም አንዲት እናት ጠይቁ። «ለምን ታደርጉታላችሁ?» ብቻ አትበሉ፤ «ልማዳችን ነው» ይሏችኋል። ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚቆም፣ ምን እንደሚያዝ፣ ባይደረግ ምን ይመጣል ተብሎ እንደሚፈራ ጠይቁ። የሰማችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ከዚያ በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ ሰው ፈልጉ፦ በመንደራችሁ ሸክላ የሚሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ወይም ቆዳ የሚያለፋው ሰው በዚያ ቀን የት ነው የሚቀመጠው?